ሩቅ መንገድ ሲባል እምቢ የሚለው መኪና

ጋራዡን የዘጋሁ ሰሞን ሰው ሁሉ የመሰለውን ይዞልኝ መጣ። አንዱ ጋቢ፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ እጁን መጥቶ «እንግዲህ ጋሽ አስናቀ፣ ምን እየሠሩ ሊውሉ ነው?» የሚል ጭንቀት ጥሎልኝ ሄደ። እማማ ፋጡማ ግን ውሃ ይዘው መጡ። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ናት፣ ክዳኗ እንዳይፈስ በላስቲክ ታስሯል። ልጃቸው ዘሀራ ክንዳቸውን ደግፋ ነው ያመጣቻቸው። ስለዚያ ውሃ ለመናገር ግን ከሥሩ መጀመር አለብኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ታገሱኝ።

ሙያ የተማርኩት ደሴ ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ የገባ ሰሞን ነበር፤ በየመንገዱ ዳር የወታደር መኪና ተገልብጦ ቀርቷል፣ የሚሠራውም የማይሠራውም እየተጎተተ ጋራዥ ይገባል። እኔ ከወሎ ቦረና የመጣሁ፣ ከበቅሎ በቀር የሚጫን ነገር ጠግቤ ያላየሁ ጎረምሳ ነኝ። ተቀብሎ ሰው ያደረገኝ ጋሼ ሰይድ የሚባል ኤሌትሪሲስታ ነው፤ የመኪና መብራትና ማስነሻ የሚሠራ። አላህ ይዘንለትና እንደሱ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ጋሼ ሰይድ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ አይደለም፣ ሳይጀምር ነው። ሲጨርስማ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ነው ምሳ የሚቀርበው፤ ሚስቱ ስትጨቀጭቀው የኖረችው በዚሁ ነው። መኪና በገባ ቁጥር ግን ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት ውሃ አስቀድቶ እስከ ክርኑ ይታጠባል። «የትናንቱን በሽታ ወደ ዛሬው አላሻግርም» ይላል። እኛ ከጀርባው እንስቅ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ነገሩ የግራሶ ጉዳይ አልነበረም፤ ትናንት ያየኸውን ብልሽት ዛሬም አየሁት ብለህ እንዳትቸኩል ነው።

ሁለተኛው ልማዱ ሰው ማስወራት ነው። ሹፌሩን ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና ሻይ አስመጥቶለት «በል ጠዋት ከተነሳህ ጀምረህ ንገረኝ» ይለዋል። «ኧረ የተበላሸው መኪናው ነው» ሲሉት «እሱ አፍ የለው፣ አንተ ንገረኝ እንጂ» ይላል። ብልሽቱን ሲያገኘው ደግሞ ሰው ፊት አይናገርም፤ ባለቤቱን ከመኪናው ኋላ ወስዶ በጆሮው ነው የሚነግረው። አንድ ቀን አማቱንና ሚስቱን የጫነ ሰው መኪናውን አስገፍቶ መጣ። ስለ መኪናው ሲጎርር የመጣ ሰው ነው፤ ለካስ ነዳጅ ጨርሷል። ጋሼ ሰይድ አይቶ እንዳላየ «ቱቦው ዘግቶ ነው» አለና ከኋላ ዞሮ በጀሪካን ቀዳለት። ለምን እንደዋሸ ስጠይቀው «ሰውየው እኮ ወደ ቤቱ ይገባል» አለኝ።

ከደሴ በኋላ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ለጨውና ለበርበሬ ይበቃ ነበር፤ ፊርማው ግን አንድ ካንዴላ ከመጋዘን ለማውጣት እንኳ ብዙ ነው። አለቃችን ግሬደር ሲቆም እኛን ትቶ ግሬደሩን የሚቆጣ ሰው ነበር። አጠገቡ ቆሞ «ምን አደረግንህ? ምን ጎደለብህ?» ይለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ካምፑ ሲነሳ እኔ አልተነሳሁም፤ ሚስት አግብቼ መካነ ሰላም ቀረሁ፣ ከገበያው በታች የቆርቆሮ ጋራዥ ከፈትኩ።

እዚያ ስሜ ወጣ። አይሱዙም ላንድሮቨርም ሚኒባስም የኔ ደንበኛ ሆነ። ከወግዲ በቅሎ ልከው አስመጥተውኛል፣ ዳገት ላይ ለቆመ የጭነት መኪና። የኔ እውቀት ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ድምፅ ነው፤ ሹፌሩ ቁልፍ ከቶ ሲያዞር ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ምን እንደሚል። ቀጭ ካለ አንድ ነገር ነው፣ ካቃሰተ ሌላ፣ ዝም ካለም ሌላ። የካቻቢቴ እጀታ ጆሮዬ ላይ ደግፌ ሞተር ሳዳምጥ ሰው «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው» ይል ነበር። እኔም ሳልፈራ አምኜላቸው ኖርኩ።

ከዚያ ዘሀራ መጣች። ዘሀራ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ኮረዳ ሳለች ዐረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ብዙ ዓመት ኖራ ተመለሰች። እንደ ሌሎቹ ፎቅ ቤት አልሠራችም፣ ሱቅም አልከፈተችም። ደሴ ሄዳ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ቀጥላ አዲስ አበባ ሄዳ አዲስ ትንሽ መኪና ገዛችና ራሷ እየነዳች ከተማ ገባች። የታመመ ደሴ ልታደርስ፣ ሙሽራ ልታጅብ፣ በዚያው ከእናቷ ጋር ልትኖር። «ከእንግዲህ ሰው በር አልቆምም ጋሽ አስናቀ፤ በር የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ» ብላኛለች።

መኪናው ታዲያ ቁልፍ የማይከተትበት ዓይነት ነው። ቁልፉ ራሱ ቁልፍ አይመስልም፤ ያለቀ ሳሙና የሚያክል ጥቁር ነገር ነው። ኪሷ ውስጥ እንዳለ የበሩን እጀታ ስትነካ በሩ ይከፈታል፣ አዝራር ስትጫን ሞተሩ ይነሳል። የሚገባ የለ፣ የሚዞር የለ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየና «ጅን አለበት» አለ። እኔ ሳቅሁባቸው እንጂ ለኔም እጅ እግሩ አልያዝ ብሎኛል።

መጀመሪያ እምቢ ያለው ወደ ወግዲ ሙሽራ ልታመጣ ስትነሳ ነው። በሩ አልከፈትም አለ፤ ሙሽራዋ በሌላ መኪና መጣች። ከዚያ መኪናው በገዛ እጁ ዳነና ዘሀራ ነገሩን ረሳችው። ሁለተኛው ወደ ደሴ ልትነሳ ስትል ነው። ያን ቀን ጠራችኝ፤ በሩ ሳይቆለፍ ስላደረ ገባሁ፣ አዝራሩን ተጫንኩ። ዝም። ድምፅ ከሌለ ባትሪ ነው፤ ሥራዬ ሁሉ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። ባትሪውን ነቅዬ ወሰድኩ፣ ቻርጅ አደረግሁ፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ቁልፉንም ተቀብያት ጋራዥ መስኮቴ ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰነበተ። ባትሪውን መልሼ ባስገባሁ ጊዜ ሞተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። አፌን ሞልቼ «ድኗል። በኔ ይሁንብሽ» አልኳት።

እጄን ሳልታጠብ ነበር የጀመርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ማለዳ የዘሀራ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። የእማማ ፋጡማ እህት ከላላ ከተማ ላይ አርፈዋል። ዘሀራ እናቷን ይዛ ልትሄድ ብትል መኪናው አልከፈትም ብሏል። በእስላም ደንብ ጀናዛ አይቆይም፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ይወጣል። እማማ ፋጡማ የእህታቸውን ፊት ማየት የሚችሉት ቀድመው ከደረሱ ነው። እህትማማቾቹ ከእርስ በርሳቸው በቀር እህት ወንድም የላቸውም፣ በአንድ ጀርባ ታዝለው ያደጉ ናቸው።

ስደርስ እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው መኪናው አጠገብ ቆመዋል። «አብሽሩ እማማ፣ አሁን ይነሳል» አልኳቸው። ሽቦ አጥፌ በመስኮቱ ብሰድ አልሆነም። ዘሀራ «ይስበሩት» አለችኝ፤ የኋላውን ትንሽ መስታወት ሰበርኩ። ያኔ መኪናው መጮህ ጀመረ። ሌባ ሲነካው የሚጮኸው ጩኸት መሆኑ ነው፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ ሰፈሩን አናወጠው። እጄ እየደማ ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ባትሪውን ነቀልኩና ዝም አሰኘሁት። መልሼ ሳገናኝ የቁልፍ ሥዕል በቀይ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ቁልፍ የለም ማለቱ ነው። ቁልፉ እኮ እጄ ላይ ነው።

እንደዚያ ቀን ሆኖብኝ አያውቅም። ሞተሪኖው ደህና ነው፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፤ የማዳምጠው ድምፅ ግን የለም። እማማ ፋጡማ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በኋላ እህል የጫነ አይሱዙ ተገኘና ከላይ ተሳፍረው ሄዱ። ሲደርሱ ጀናዛው ወጥቷል። የእህታቸውን ፊት ሳያዩ ቀሩ። ይሄን የነገረችኝ ዘሀራ ናት፤ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ሰንበትበት ብሎ እማማ ፋጡማ ብቻቸውን ጋራዥ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«አስናቀ ልጄ፣ ዘሀራ መኪናውን ልትሸጠው ነው። ደላላው ቅዳሜ ከደሴ ይመጣል።»

«ይሁና እማማ፣ ሌላ ይገዛል።»

«ሌላ አትገዛም። ‹ብረቱም ከዳኝ› አለች። ተመልሳ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ያኔ ስትሄድ በደኅና ጉልበቴ ጠበቅኋት። አሁን ግን ብትመለስም እኔን አታገኘኝም።»

«ነገ ቤት እመጣለሁ» አልኳቸው። ያን ዕለት ሁሉንም መሣሪያ ትቼ ስለ ጋሼ ሰይድ ሳስብ ዋልኩ። ያን ድንጋይና ያን ሻይ ረስቻቸው ነበር። መኪናውን ስጠይቅ ከርሜ ሰው አልጠየቅሁም።

በነጋታው ቤታቸው ስሄድ በር ላይ ውሃ አስቀድቼ እጄን ታጠብኩ። እማማ ፋጡማ ልበላ የመጣሁ መስሏቸው ቆሎና እርጎ አቀረቡ። ዘሀራ ገበያ ወጥታለች፣ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩና «በሉ እማማ፣ ይሄ መኪና እምቢ ያለ ዕለት ዕለቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

እያሰቡ ነገሩኝ። የወግዲው ሙሽራ ዕለት። የደሴው። ከዚያ የከላላው። ገበያ ለገበያ ሲሄድ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድስ? አልኳቸው። አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ሩቅ መንገድ ሲባል ነው እምቢ የሚለው» አልኩ።

«እሱን ነው እኮ እኔም የምለው። ሰው ዓይኑን ጥሎበታል።»

«ሩቅ ልትሄዱ ስትሉ ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ? ከተነሳችሁ ጀምሮ።»

«ምን እናደርጋለን። ዘሀራ ትለብሳለች፣ እኔ ስንቅ እቋጥራለሁ፣ ዱዓ አደርጋለሁ።»

«ዱዓውን ያሳዩኝ።»

ፈገግ አሉ፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ ዱዓ ሊማር መጣ ብለው ይሆናል። ከሳጥናቸው ያቺን ጠርሙስ አወጡ፤ ዘሀራ ስትመለስ ያመጣችላቸው ዘምዘም ናት፣ የመካው ውሃ። በብርጭቆ ጠብ ጠብ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው ቁልፉን ከሚስማሩ አወረዱና ቢስሚላህ ብለው ውሃው ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሩቅ ከሆነ ነው እንጂ ለገበያማ ውሃውን አልጨርሰውም። ዱዓዬን እስክጨርስ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ በሻሼ ጠርጌ እሰቅልላታለሁ። ያኔ ዐረብ አገር ስትሄድ ልቤ እንዳይሸበር ብላ ሳትነግረኝ ወጣች፤ እንኳን ዱዓ ላደርግላት ፊቷንም አላየሁ። ስትመለስ ከእንግዲህ ባዶ እጇን አልሸኛትም ብዬ ለአላህ ቃል ገባሁ። በእጇ ይዛው የምትሄደው ደግሞ ይሄ ነው።»

ቁልፉን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከጎኑ ትንሽ መግፊያ አለችው፤ ብገፋት ከሆዱ ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ ብቅ አለች። ወጥቼ የመኪናው በር እጀታ ጫፍ ላይ ያለውን ክዳን ባነሳው ቀዳዳዋ እዚያ ተደብቃ ኖራለች። መስታወት የሰበርኩት ቁልፉ በቁልፉ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ተመልሼ ገብቼ ቁልፉን በሳንቲም ጠርዝ ፈለቀቅሁት። አረንጓዴ ዝገት ውስጡን ወሮታል፣ አዝራር የምታክለዋ ባትሪ ሥር ደግሞ አየር አጥቶ ሳይደርቅ የከረመ ጠብታ ነበር። ጠብታዋ ተንከባልላ መዳፌ ላይ ወረደች።

እማማ ፋጡማ አዩዋት።

«ውሃ አይወድም?» አሉኝ።

«ትንሽ ይከፋዋል እማማ። ሲደርቅ ይተወዋል።»

ብርጭቆዋን መደቡ ላይ አስቀመጡ። እኔ ምነው ባልጠየቅሁ አልኩ፤ ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

«የዚያን ዕለትም ነክሬዋለሁ» አሉ። «የእህቴን መርዶ እንደሰማሁ።»

«የዚያን ዕለት መኪናውን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ያልገባኝን ገብቶኛል ያልኩ እኔ ነኝ። ድኗል ብዬ ባልል ዘሀራ በጊዜ ሌላ መኪና ትፈልግ ነበር።»

ይህን ያልኩት ላጽናናቸው ብቻ አይደለም፣ እውነቴን ነው። እሳቸውም ሰሙኝ፤ ግን የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው ቆዩ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፣ ምን ይደብቃል።

ሲረጋጉ «ለዘሀራ ምን ትላታለህ?» አሉኝ።

«ሆድ ይፍጀው።»

የቁልፉን ውስጥ ከፋርማሲ ባመጣሁት አልኮልና በጥርስ ብሩሽ እንደ ሕፃን ጥፍር ቀስ እያልኩ አጸዳሁት። ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ባትሪዋንም ከገበያው ሰዓት ጠጋኝ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። ዘሀራ ስትመለስ ኪሷ ውስጥ ከትቼላት «እጀታውን ንኪው» አልኳት። በሩ ተከፈተ። አዝራሩን ተጫነች፣ ሞተሩ ተነሳ።

«ምኑ ነበር?» አለችኝ።

«ቁልፉ ነው። እርጥበት ገብቶታል።»

«ከየት?»

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። «ከዝናብ ነው» አልኳት።

ወሩ ጥር ነበር። ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅራል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዘሀራ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከዚያ በእናቷ ትከሻ ላይ አልፋ ቤቱ ውስጥ አየች፤ መደቡ ላይ ብርጭቆዋና ክዳኗ የተከፈተ ጠርሙስ አሉ። ረጅም ጊዜ ያየች መሰለኝ።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል።»

ቅዳሜ ደላላው መጣ። በዚያው ጠዋት ዘሀራና እናቷ ለእህትየው ሰደቃ ወደ ከላላ ሊሄዱ ተነስተዋል፤ ዘሀራ ምናልባት እምቢ ቢል ብላ እኔንም ጠርታኛለች። እማማ ፋጡማ ስንቃቸውን ይዘው ወጡ፣ ውሃውን ግን አልያዙም። አንገታቸውን ደፍተው መኪናው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ዘሀራ አስቆመቻቸው። ቁልፉን ለኔ ሰጠችኝ። ወደ ቤት ተመልሳ ጠርሙሱን አመጣችና እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት መዳፏን አጋጥማ ዘረጋች።

«እማዬ፣ ባዶ እጄን ልትሸኚኝ ነው?»

እማማ ፋጡማ አዩኝ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው አፈሰሱላት። ዱዓቸው ረዘመ፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል እየሾለከ መሬት ሲወርድ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሲጨርሱ ፊቷን አበሰች፣ እጇን በሻሿ ደህና አድርጋ አደረቀች፣ ቁልፉን ከኔ ተቀበለች። መኪናው ተነሳ፣ ሄዱ። ደላላው ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲጠብቅ ውሎ ወደ ደሴ ተመለሰ። ዘሀራም ዐረብ አገር አልሄደችም፤ ይሄው እስከዛሬ እዚሁ ናት።

እንግዲህ ጋራዡን የዘጋሁ ሰሞን እማማ ፋጡማ ያመጡልኝ ውሃ እሱ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ላስቲኩን የፈታችላቸው ዘሀራ ናት።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ቤቴ ነው የምገባው።»

«እሱም ሩቅ ነው» አሉ።

አንገቴ ላይ ማተቤ እንዳለ ሁለት እጄን ዘረጋሁላቸው። ስንት ዓመት ያልለቀቀ ግራሶ በየስንጥቁ ጠቁሮ አለ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ዱዓቸው አሁንም ረጅም ነው። ጋሼ ሰይድ ትዝ አለኝ፤ እሱ የሚታጠበው ሳይጀምር ነበር። ዘሀራ ሻሿን ብታቀብለኝም አልተቀበልኳትም። ንፋሱ እስኪያደርቀው እጄን ዘርግቼ ቆየሁ።